ደጅ ጥናት በዋሽንግተን

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታም ሆነ በቴክሳስ የሚኖር ወገናችን በኪሱ ከሚይዛቸው ካርዶች ሁሉ አዘውትሮ የሚያወጣው መንጃ ፈቃዱን ነው፤ በዚያች ካርድ ራስጌ ላይም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንዲት ትንሽ ኮከብ ተቀምጣለች። ኮከቧ ለጌጥ የተደረገች አይደለችም። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮከብ የሌላትን መንጃ ፈቃድ ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ መንገደኛ፣ ፓስፖርት ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ካላቀረበ በቀር፣ ከአንዱ የአሜሪካ ከተማ ወደ ሌላው ለመብረር እንኳ በፍተሻው በር ላይ ጥያቄና መጉላላት ይጠብቀዋል። ነገር ግን ኮከቧን ያመጣው ሕግ የወጣው በ2005 ሲሆን፣ እንዲሠራበት በመጀመሪያ የተቆረጠለት ቀን በሜይ 2008 ነበረ። ኃያል የሚባለው የዋሽንግተን መንግሥት፣ በሁለቱ ምክር ቤቶቹ ያጸደቀውንና በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያጸናውን ሕግ በአንዲት ካርድ ላይ ለመፈጸም ሃያ ዓመት የፈጀበት ስለ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን ለማግኘት ከዋሽንግተን ወጥቶ፣ ስማቸው በዜና እምብዛም ወደማይነሣው ወደ ግዛቶቹ ምክር ቤቶች መሄድ ይኖርበታል።

ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ባለ ጉዳይ በሹሙ ወይም በንጉሡ ደጅ እየማለደ፣ ኩታውን አጣፍቶ እየቆመ፣ አማላጅ እየፈለገና ቀን እየጠበቀ፣ ጉዳዩ እስኪታይለት ድረስ የሚያሳልፈው ዘመን ቃሉ በተነሣ ቁጥር በዓይነ ኅሊናችን ይመጣል። በዋሽንግተን ደጅ ከሚጠኑት መካከል ግን ምንም ሥልጣን የሌለው ባለ ጉዳይ ብቻ አይደለም ያለው፤ በየግዛታቸው ሕግ የሚያወጡ፣ ግብር የሚጥሉ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ የሚያሠሩ ሃምሳ ምክር ቤቶችም እዚያው ቆመው ይገኛሉ። ባለ ሥልጣን ሆኖ ደጅ መጥናት እንዴት ያለ ነገር ነው? በየትኛው መንገድስ ሲሄድ ይሰማል፣ በየትኛውስ ሲሄድ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ተኝቶ ይቀራል? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

የነዚህ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር ባጠቃላይ ከ7,300 በላይ ነው፤ በአንድ ምክር ቤት ብቻ ከምትተዳደረው ከነብራስካ በቀርም እያንዳንዱ ግዛት፣ እንደ ኮንግረሱ ሁሉ፣ የላይኛና የታችኛ ምክር ቤት አለው። ኑሯቸው ግን ከዋሽንግተን እንደራሴዎች ኑሮ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በኒው ሃምፕሺር የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ አባል በዓመት የሚደርሰው ደመወዝ 100 ዶላር ነው፤ በስፋቷ ከአገሮች ጋር የምትወዳደረው የቴክሳስ ምክር ቤት ደግሞ በመደበኛ ጉባኤ የሚቀመጠው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ከ140 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከእርሻው፣ ከጥብቅና ቢሮው ወይም ከሱቁ ተነሥቶ ለጥቂት ወራት ሕግ ሲያወጣ ከርሞ ወደ ሥራው የሚመለሰው ይህ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራውና እልፍ አእላፍ ሠራተኛ ካለው ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ሲከራከር፣ ክርክሩ የእኩዮች ክርክር እንዳይመስለን ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ከዋሽንግተን የሚሹት ነገር በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ ገንዘብና ፈቃድ። ከግዛቶቹ ጠቅላላ ገቢ ሲሶ ያህሉ የሚመጣው ከፌዴራሉ ግምጃ ቤት ነው፤ ከዚህም ዋነኛው ሜዲኬይድ ለሚባለው የድኾች ሕክምና የሚውለው ሲሆን፣ ከወጪው ቢያንስ ግማሹን ዋሽንግተን ይከፍላል። ገንዘቡ ግን ብቻውን አይመጣም፤ ከኋላው ትእዛዝና ደንብ ተከትሎት ይመጣል። በ1984 ኮንግረስ የአልኮል መጠጥ መግዣ ዕድሜ 21 ዓመት እንዲሆን በፈለገ ጊዜ ግዛቶቹን በቀጥታ አላዘዘም፤ ዕድሜውን ከፍ ያላደረገ ግዛት ከመንገድ ሥራ ድጎማው እንዲቀነስበት ብቻ ወሰነ። ደቡብ ዳኮታ ይህ ሥልጣን መድፈር ነው ብላ ብትከስም በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተረታች፤ ሁሉም ግዛቶች ሕጋቸውን አስተካከሉ። እንግዲህ የግዛቶቹ ምክር ቤቶች ልመና ድርብ ነው፤ ገንዘቡ እንዳይቋረጥባቸውም፣ ገንዘቡ ይዞት የሚመጣው ገመድ እንዲላላላቸውም ይማልዳሉ።

ደጅ ጥናቱ ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች፣ እያንዳንዱ ግዛት ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የሚልካቸውን ሁለት ሴናተሮች የሚመርጠው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን የግዛቱ ምክር ቤት እንዲሆን ደንግገው ነበርና፣ ምክር ቤቱ በዋሽንግተን ደጅ መቆም ሳያስፈልገው በገዛ መልእክተኞቹ አማካይነት በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ አሠራር ለኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት በክልል ምክር ቤቶች እንዲመረጡ፣ ወይም የክልል ምክር ቤቶቹ ከፈቀዱ በሕዝብ እንዲመረጡ ያዛል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ከመምረጥም አልፎ ነበር፤ ብዙዎቹ ምክር ቤቶች የመረጡት ሴናተር በየጉዳዩ ድምፁን እንዴት መስጠት እንዳለበት በጽሑፍ ትእዛዝ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር።

ይህ ትእዛዝ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበረ ከጆን ታይለር ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ታይለር በ21 ዓመቱ ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ተመርጦ ገና ሥራ እንደ ጀመረ ያነሣው ሐሳብ፣ የግዛቱ ሁለት ሴናተሮች በብሔራዊው ባንክ ጉዳይ የምክር ቤቱን ትእዛዝ ስላላከበሩ ይወቀሱ የሚል ነበረ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል አለፈና እርሱ ራሱ የቨርጂኒያ ሴናተር ሆኖ በዋሽንግተን ተቀመጠ። በ1834 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን በብሔራዊው ባንክ ጠብ ምክንያት በተግሣጽ ውሳኔ ሲነቅፈው ታይለር ከነቃፊዎቹ ወገን ነበረ፤ በ1836 ግን የጃክሰን ወዳጆች በቨርጂኒያ ምክር ቤት በርትተው፣ ሁለቱ የግዛቱ ሴናተሮች ያ ተግሣጽ ከመዝገብ እንዲፋቅ ድምፅ ይስጡ ብለው ትእዛዝ ላኩ። ታይለር ኅሊናው የማይፈቅደውን ለማድረግ አልወደደም፤ በወጣትነቱ ሌሎችን የወቀሰበትን ሥርዐት በራሱ ላይ ሲደርስ መጣስም አልሆነለትም። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 29 ቀን 1836 ሹመቱን ለቀቀ። ባልንጀራው ቤንጃሚን ሊ ግን አልታዘዝም፣ አልለቅምም ብሎ ለጊዜው በወንበሩ ቆየ። ሕጉ ታዛዥ ያልሆነውን ሴናተር ከዘመኑ በፊት ለመሻር ለምክር ቤቱ ሥልጣን አልሰጠውም ነበርና፣ ትእዛዙ የሚጸናው ታዛዡ ክብሩን ሲፈራ ብቻ መሆኑ በዚያው ዓመት በሁለቱ ሰዎች ታየ። ታይለርም ከአምስት ዓመት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በተሾመ በወሩ ሲሞት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ።

ይህን ሥልጣን ግዛቶቹ እንዴት እንዳጡት መስማት ያስደንቃል። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ማለቂያ ላይ ሴናተር የመምረጡ ነገር በየምክር ቤቱ የጠብና የጉቦ ምንጭ ሆነ፤ ደላዌር ምክር ቤቷ መስማማት አቅቶት ከ1901 እስከ 1903 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አንድም ሴናተር ሳይኖራት ቆየች። ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ የሚለው ጥያቄ በበረታ ጊዜም፣ ከጠያቂዎቹ ግንባር የተሰለፉት የግዛቶቹ ምክር ቤቶች ራሳቸው ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱን የሚያሻሽል ጉባኤ ይጠራልን እያሉ ማመልከቻ በማዥጎድጎዳቸው ኮንግረሱ ሳይወድ በግድ ማሻሻያውን በ1912 አቀረበ፣ በ1913ም ጸደቀ። በማስገደድ ኃይላቸው ተጠቅመው የማዘዝ ኃይላቸውን ለሕዝቡ ለቀቁ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሴናተሩ የሚፈራው መራጩን ሕዝብ እንጂ የግዛቱን ምክር ቤት አይደለም፤ ምክር ቤቱም እንደ ሌላው ባለ ጉዳይ ከደጅ ቆመ።

ትእዛዝ ሲቀር አቤቱታ ተተካ። አንድ የግዛት ምክር ቤት ለዋሽንግተን የሚለው ነገር ሲኖረው የሚያወጣው የአቤቱታ ውሳኔ፣ አቀማመጡ ከጥንት የሊቃውንት ሐተታ የራቀ አይደለም፤ በመጀመሪያ ስለዚህ፣ ደግሞም ስለዚያ እየተባለ ምክንያቱ በአንቀጽ በአንቀጽ ይደረደራል፣ በመጨረሻም ልመናው ይከተላል። የውሳኔው ግልባጭ ለፕሬዚዳንቱ፣ ለሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች ሰብሳቢዎችና ለግዛቱ እንደራሴዎች ይላካል። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀባዩ ጸሐፊ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በዕለቱ የኮንግረስ መዝገብ ውስጥ ከአቤቱታዎች ተርታ ይታተማል፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ኮሚቴም ይመራል። ከዚያ በኋላ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ማንም የለም። በየዓመቱ የሚጎርፉት እነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ከመዝገብ ገብተው በዚያው ያንቀላፋሉ።

ምክር ቤቶቹ ይህን ስላወቁ፣ ለየብቻ ከመጮኽ አንድ ላይ መናገርን መረጡ። አገረ ገዥዎቹ ከ1908 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ የምክር ቤቶቹም ሦስት የተለያዩ ማኅበራት በ1975 ተዋህደው የግዛት ምክር ቤቶች ብሔራዊ ጉባኤ የሚባለውን ድርጅት አቆሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴንቨር ሲሆን፣ በዋሽንግተንም ከኮንግረሱ ሕንፃ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ጽሕፈት ቤት አለው። ሠራተኞቹ በኮንግረስ የሚቀርቡትን ረቂቅ ሕጎች እያነበቡ በግዛቶች ግምጃ ቤት ላይ የሚያስከትለውን ወጪ ያሰላሉ፣ ረቂቁ ገና ሳይበስል ለኮሚቴ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ፣ የግዛት እንደራሴዎች ወደ ዋሽንግተን ሲመጡም ከየግዛታቸው ሴናተር ቢሮ ያደርሷቸዋል። የዚህ ማኅበር ጥንካሬ ድምፁ የአንድ ፓርቲ ድምፅ አለመሆኑ ነው፤ የጉባኤው አመራር በየዓመቱ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ አንድ አቋምም የጉባኤው አቋም የሚሆነው በስብሰባው ከተገኙት ግዛቶች ከአራቱ ሦስቱ እጅ ሲደግፉት ብቻ ነው። ድካሙም የሚመነጨው ከዚሁ ከጥንካሬው ነው። ሕዝቡን ለሁለት በሚከፍሉት ጉዳዮች፣ በውርጃም ሆነ በጦር መሣሪያ ነገር፣ ሦስት አራተኛውን ማግኘት ስለማይቻል ጉባኤው ዝም ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም፤ አፉን የሚከፍተው ሁሉም በሚስማሙበት በገንዘብና በሥልጣን ወሰን ጉዳይ ነው።

በዚህ መንገድ ከተገኘው ፍሬ የሚጠቀሰው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በማርች 1995 የፈረሙት፣ ገንዘብ ሳይመድቡ ማዘዝን የሚገታው ሕግ ነው። ግዛቶችና ከተሞች፣ ኮንግረስ ክብሩን ለራሱ አድርጎ ወጪውን በኛ ላይ ይጥላል ብለው ለዓመታት ሲያሰሙት ለነበረው እሮሮ የተሰጠ መልስ ነበረ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ፈጽሞ አልከለከለም፤ ያስገደደው ወጪው እንዲታወቅ ነው። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት አንድ ረቂቅ በግዛቶችና በከተሞች ላይ የሚያመጣውን ሸክም አስልቶ እንዲያስታውቅ፣ ሸክሙ በ1996 የዋጋ ልክ በዓመት ከ50 ሚሊዮን ዶላር ሲበልጥም ማንኛውም እንደራሴ ተነሥቶ ረቂቁን በሥነ ሥርዓት ጥያቄ ሊያስቆመው እንዲችል ደነገገ፤ ምክር ቤቱ ግን በድምፅ ጥያቄውን ጥሎ ማለፍ ይችላል። ድጎማ ለማግኘት የሚጣለውን ግዴታም፣ ተቀባዩ በፈቃዱ የተቀበለው ነው በማለት፣ ከቁጥር አላስገባውም፤ የድጎማውን ገመድ ሳይበጥስ ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮከቧ እንመለስ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የመታወቂያ ጥራት ጉዳይ በተነሣ ጊዜ፣ ኮንግረስ በ2004 ባወጣው ሕግ የግዛቶች ተወካዮች ከፌዴራሉ ሹማምንት ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጠው ደንቡን እንዲያዘጋጁ ወስኖ ነበር። ተወካዮቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ በሜይ 2005 ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ ወጣና ያን ገበታ አነሣው። ይህ ሕግ የተቀመጠው ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት፣ እንዲሁም በሱናሚ ለተጎዱት ሰዎች ገንዘብ በሚፈቅድ አስቸኳይ የበጀት ሕግ ውስጥ ነበርና፣ ለወታደርና ለተቸገረ ስንቅ አልሰጥም ለማለት የደፈረ ሴናተር ስላልነበረ በ100 ድምፅ ያለ አንድ ተቃውሞ አለፈ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት ግዛቶቹ ናቸው፤ ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት እየመረመሩ፣ ሰነዱን እየገለበጡ፣ የመረጃ መዝገባቸውን ከሌሎች ግዛቶች ጋር እያገናኙ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አዲስ ካርድ የመስጠቱ ሥራ በነሱ ላይ ወደቀ። የምክር ቤቶቹ ጉባኤ፣ የአገረ ገዥዎቹ ማኅበርና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር በ2006 አንድ ላይ ባወጡት ጥናት ወጪው በአምስት ዓመት 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገመቱ፤ ኮንግረስ እስከዚያ ድረስ የፈቀደው 40 ሚሊዮን ብቻ ነበረ።

ጥናቱም አቤቱታውም እንደ ልማዱ በኮሚቴዎች መዝገብ ሲጠራቀም ሳለ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ የምትገኘው ትንሿ ሜይን በጃንዋሪ 2007 መንገዱን ለወጠችው። የሜይን ምክር ቤት በላይኛው ቤት 34 ለ0፣ በታችኛው 137 ለ4 በሆነ ድምፅ ያሳለፈው ውሳኔ፣ ወጪው ለግዛቱ 185 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ከዘረዘረ በኋላ፣ ሕጉ ይሻርልን ከሚለው ልመና አጠገብ ሜይን ሕጉን አትፈጽምም የሚል ቃል አኖረ። ውሳኔው በቅርጹ ከቀድሞዎቹ አቤቱታዎች አይለይም፤ ያችን አንዲት አንቀጽ ግን ዋሽንግተን በመዝገብ ቤት ሊያስተኛት አልቻለም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በርካታ ምክር ቤቶች ተከተሉ፤ አንዳንዶቹ በውሳኔ ሳይወሰኑ በሕግ ከለከሉ። ከእነዚህ አንዷ ሞንታና ነበረች።

በማርች 2008 የሆነው ነገር ለዚህ ሙግት ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ የጊዜ ማራዘሚያ ያልጠየቀ ግዛት ነዋሪዎች ከሜይ ጀምሮ በመንጃ ፈቃዳቸው ሊበሩ አይችሉም ብሎ አስታወቀ። ሞንታና በሕጓ ስለ ተከለከለች ማራዘሚያ መጠየቅ አትችልም፤ መጠየቁ ሕጉን መቀበል ይሆናልና። ስለዚህ ዋና ዐቃቤ ሕጓ፣ ሞንታና ሪል አይዲን አትቀበልም፣ ነገር ግን መንጃ ፈቃዶቿን ለማጥራት እነዚህንና እነዚህን አድርጋለች የሚል ደብዳቤ ላከ። መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤውን የማራዘሚያ ጥያቄ አድርጎ ቆጠረና ያልተጠየቀውን ማራዘሚያ ፈቀደ። ምክንያቱ ስውር አይደለም፤ የፌዴራሉ መንግሥት አልታዘዝም ያለውን ግዛት ልቅጣ ቢል ቅጣቱ የሚያርፈው በፍተሻው ሰልፍ ላይ በቆመው በምንም በማያውቀው መንገደኛ ላይ ነው፣ መንገደኛውም ቁጣውን የሚያሰማው ለኮንግረስ እንደራሴው ነው። ቀኑ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እየተገፋ፣ ደንቡ እየለዘበ፣ የወጪው ግምት እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ሜይንም ሞንታናም በ2017 ሕጋቸውን አሻሽለው፣ ኮከብ ያላትን ካርድ የሚፈልግ እንዲወስድ፣ የማይፈልግም አሮጌውን ዓይነት እንዲይዝ ፈቀዱ። ዋሽንግተን ሕጉን አልሻረም፤ ግዛቶቹም አላሸነፉም፤ ነገር ግን በ2008 ሊፈጸም የታሰበው በ2025 ተፈጸመ።

እምቢታ የማያዋጣበት ጉዳይም አለና፣ አንዳንድ ምክር ቤት ሌላ በር ያንኳኳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 በሰጠው ፍርድ መሠረት፣ በአንድ ግዛት ውስጥ ሱቅም መጋዘንም የሌለው ነጋዴ ዕቃ በፖስታ ቢልክ የሽያጭ ግብር እንዲሰበስብ ግዛቱ ሊያስገድደው አይችልም ነበር። ፍርዱ የተሰጠው በካታሎግ ንግድ ዘመን ነው፤ ኢንተርኔት ከመጣ በኋላ ግን የግዛቶች ገቢ ይሸረሸር ጀመር። ምክር ቤቶቹ ለዓመታት ኮንግረስን ሲማጸኑ ቆይተው፣ በ2013 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት መፍትሔውን 69 ለ27 ቢያሳልፈውም በተወካዮች ምክር ቤት ቀረ። በሰው ገቢ ላይ ግብር የማትጥለውና ግምጃ ቤቷ በሽያጭ ግብር ላይ የቆመው ደቡብ ዳኮታ በ2016 የወሰደችው እርምጃ ለሕግ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ነው። ምክር ቤቷ፣ የፍርድ ቤቱን ፍርድ በግልጽ የሚጻረር፣ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሚሸጥ ወይም 200 ጊዜ ሽያጭ የሚያካሂድ የሩቅ ነጋዴ ግብሩን ይሰብስብ የሚል ሕግ አወጣ። ተከሶ ለመረታት፣ ተረትቶም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የተዘጋጀ ሕግ ነበረ፤ ትንንሽ ነጋዴዎችን አይነካም፣ ያለፈውን ዘመን ግብር አይጠይቅም፣ ክርክሩ እስኪያልቅም ማንንም አያስከፍልም፣ ፍርድ ቤቶች ነገሩን ፈጥነው እንዲያዩትም ያዝዛል፤ በሐተታውም የቀድሞው ፍርድ ለምን መለወጥ እንዳለበት ለዳኞቹ ያብራራል። ለዘጠኙ ዳኞች የተጻፈ ይህ ደብዳቤ በጁን 2018 መልስ አገኘ፤ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የቀድሞውን ፍርድ ሻረ። ዛሬ የሽያጭ ግብር ያላቸው 45 ግዛቶች ሁሉ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ በቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ዕቃ የሚያዝ ሰው በሒሳቡ ግርጌ የሚያያት የግብር መሥመር ከዚያች ሕግ የመጣች ናት።

ምክር ቤቶቹ በእጃቸው የያዙት ከሁሉ የከበደ ሥልጣን ግን በሕገ መንግሥቱ በአምስተኛው አንቀጽ የተጻፈው ነው። ማናቸውም ማሻሻያ ያለ 38ቱ ግዛቶች ስምምነት አይጸድቅም፤ የ34ቱ ምክር ቤቶች ማመልከቻ ካለ ደግሞ ኮንግረስ ቢጠላም ማሻሻያ የሚያቀርብ ጉባኤ መጥራት ግዴታው ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ እስከ ዛሬ ተጠርቶ ባያውቅም፣ በ1913 እንዳየነው ሥጋቱ ብቻ ይሠራል። የዚህ ሥልጣን ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው ግሬጎሪ ዋትሰን የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። በ1982 ለክፍል ሥራ መዛግብት ሲያገላብጥ፣ የኮንግረስ አባላት ደመወዛቸውን ቢጨምሩ ጭማሪው ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት አይጸናም የሚል፣ በ1789 የቀረበና ቀነ ገደብ ስላልተቆረጠለት ገና ያልሞተ ማሻሻያ አገኘ። አሁንም ሊጸድቅ ይችላል ብሎ የጻፈው ጽሑፍ ሲ የሚል ውጤት ብቻ አስገኘለት። እርሱ ግን በገዛ ገንዘቡ በየግዛቱ ላሉ ምክር ቤቶች ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር፤ በ1983 ሜይን፣ በ1984 ኮሎራዶ እያሉ ምክር ቤቶቹ አንድ በአንድ አጸደቁት፣ በሜይ 1992ም ከቀረበ ከ202 ዓመት በኋላ የሕገ መንግሥቱ 27ኛ ማሻሻያ ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም በ2017 የዋትሰንን ውጤት ወደ ኤ ለወጠለት። ኮንግረስ በደመወዙ ላይ የተጣለውን ይህን ልጓም ለመቀበል ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ የግዛቶች እምቢታ ሁልጊዜ ለበጎ ይውላል ብለን እንዳንሳሳት ታሪክ ያስጠነቅቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 የጥቁሮችና የነጮች ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በፈረደ ጊዜ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1956፣ ሌሎችም የደቡብ ምክር ቤቶች፣ በፌዴራሉ መንግሥትና በሕዝባችን መካከል ጣልቃ ቆመናል የሚል ውሳኔ አውጥተው ነበር፤ ጣልቃ የቆሙትም የጥቁር ልጆች መብት እንዳይፈጸም ነው። ፍርድ ቤቱ በ1958 ይህን አስተሳሰብ ዋጋ የለውም ብሎ ጣለው። የሜይን ምክር ቤት በ2007 የተናገረበት ቋንቋ ከዚያ ዘመን ቋንቋ ፈጽሞ የተለየ አይደለም፤ የለያቸው የያዙት ጉዳይና የቆሙበት የሕግ መሠረት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የራሱን ፕሮግራም በግዛት ሠራተኞች እጅ አስፈጽሙልኝ ብሎ ሊያስገድድ እንደማይችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992ና በ1997 በሰጣቸው ፍርዶች አረጋግጧል፤ የሰውን መብት ከመጠበቅ ግን ማንም ግዛት እምቢ ሊል አይችልም።

ኮከብ ያላትን ካርድ ለማውጣት የሚሄድ ሰው የሚሰለፈው በዋሽንግተን መሥሪያ ቤት አይደለም። በግዛቱ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ቁጥር ቆርጦ ይቀመጣል፣ ሰነዱን የምትመረምረው ጸሐፊ በግዛቱ ምክር ቤት በጸደቀ በጀት ደመወዝ የምትቀበል ናት፣ ክፍያውንም የወሰነው ያው ምክር ቤት ነው፤ ከካርዷ ላይ የፌዴራል ሕግ የሆነችው ያቺ ኮከብ ብቻ ናት። በ2005 አንድ መቶ ሴናተሮች በአንድ ድምፅ የፈቀዷት ኮከብ እስከዚህ መስኮት ለመድረስ ሃያ ዓመት የፈጀባት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው እጅ የግዛቱ እጅ ስለ ሆነ ነው።